ብርዝ የመሰለው ቤንዚን

ሰው ማመስገን አይሆንልኝም። ሚስቴም ጎረቤትም ያውቀዋል። ስድብ ከሆነ ቶሎ ይመጣልኛል፤ ምስጋና ግን ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ፊደል የቆጠርሁትም ጢሜ ሽበት ካወጣ በኋላ በማታ ትምህርት ስለሆነ መጻፉ ከመናገሩ ብዙ አይሻለኝም። ቢሆንም ይህቺን ልጽፋት ነው። ዛሬ አየር የማስገባው አንድ የማልወዳቸው ሰው ስለደረሱልኝ ነው። ይህን ዋጥ አድርጌ ዝም ብል ከእንስሳ አልሻልም።

ቤቴ ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። በመስኖ ሽንኩርት አለማለሁ። ሽንኩርቱ ገበያ ሲያጣ ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜም ያጣል፣ በሞተር መጋዝ የሰው ባሕር ዛፍ በክፍያ እቆርጣለሁ። የመጋዙ ሞተር እንደ ውሃ መሳቢያው አይደለም፤ ዘይቱን ለብቻው አይቀበልም። ቤንዚንና ዘይት አስቀድሞ ተቀላቅሎ ነው የሚሰጠው። ዘይቱ ካነሰው ሞተሩ ነክሶ ይቆማል፣ አበቃለት። ከበዛበትም ያጨሳል፣ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ይጠቁራል። ልኩ የዘይቱ ጠርሙስ ላይ ተጽፏል ሲሉኝ፣ እኔ የማታ ተማሪው፣ ደስ ብሎኝ ጠርሙሱን አገላበጥሁት። በእኛ ፊደል አልተጻፈም። ከስንት ዓመት በኋላ ዓይኔ ቢበራ የበራው ለሌላ ነገር ነው። ልኩን በመጨረሻ አንድ የወልድያ መካኒክ ነገረኝ፤ እኔም ያዝሁት።

መቀላቀሉን አወቅሁ እንጂ ማስቀመጡን ማን ነገረኝ? ቤንዚን ማደያው ላይ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ሳምንት የለም። መንገድ ሲዘጋማ ከነጭራሹ ይጠፋል። ስለዚህ የተገኘ ቀን ሰው ሁሉ ገዝቶ ይደብቃል። እኔም በጀሪካን ከአልጋዬ ሥር አኖረው ነበር፣ ውጭ ካደረ ሌባ ይወስደዋል ብዬ። ሚስቴ ራሴን አመመኝ ስትል ፀሐይ ነው እላታለሁ። ዘይት የገባበትን ድብልቅ ደግሞ በሃይላንድ እይዘዋለሁ። የታሸገ ውሃ ተጠጥቶ የሚቀረው ላስቲክ ጠርሙስ እኛ ዘንድ የማይያዝበት ነገር የለም፤ ወተቱም፣ የምግብ ዘይቱም፣ የውዱእ ውሃውም፣ ቤንዚኑም በእሱ ነው።

ነገሩ የሆነው በረመዳን ነው። ወንዙ ዳር ያለኝን የራሴን ባሕር ዛፍ እየጣልሁ ነበር። የሚስቴ ወንድም አብሮኝ ቅርንጫፍ ይመለምላል። ከቦዩ ማዶ ጎረቤቴ ሽንኩርታቸውን ያጠጣሉ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ አያ እላቸዋለሁ፣ አንቱ እላቸዋለሁ። አንቱ እያልሁ ነው የጠላኋቸው። ያለ ተራው ውሃ ወደ ማሳው መለሰ ብለው ተራ ለሚያከፋፍለው የውሃ አባት ከሰሱኝ። አድርጌዋለሁ፤ የማያደርገው ማን ነው? ከዚያ ወዲህ ከቀብር በቀር ሰላም አንባባልም።

ቀኑ የመርሳ ቆላ እንደሚያውቅበት ያለ ሙቀት ነበር። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። ሚስቴ ለማፍጠሪያ ተምርና በሃይላንድ ብርዝ ልካልኛለች፤ የማር ብርዝ፣ ቢጫ፣ ጥሩ አድርጋ የበጠበጠችው። ከጥላው ሥር አኖርሁት። የመጋዙም ድብልቅ ያው ሃይላንድ፣ ያው ቢጫ፣ እዚያው ጥላ ሥር ነው።

ፀሐይ ገባ። አዛን አለ። እጄን ሰድጄ አነሳሁና ቢስሚላህ ብዬ ሦስቴ ጎነጨሁት።

አልሸተተህም ወይ ይሉኛል። እንዴት ይሽተተኝ? ቀኑን ሙሉ እጄም ልብሴም አፍንጫዬም ቤንዚን ሆኖ ነው የዋለው። መጀመሪያ ያቃጠለኝ ጥማቱ መስሎኛል። ከዚያ ሳል ያዘኝ። ጠርሙሱ ከእጄ ወድቆ ደረቴ ላይ ተደፋ። አየር ላስገባ ስል እሳት ነው የሚገባው።

የሚስቴ ወንድም ደነገጠ። «ምን ጠጣህ? ምንድን ነው የጠጣኸው?» ይላል። እኔ እያሳልሁ ጠርሙሱን በጣቴ አሳየሁት። መሸት ብሏልና ጠርሙሱን ለማየት ከኪሱ ላይተር አወጣ።

ከቦዩ ማዶ ጩኸት መጣ። «አንተ ጅል! እሳቱን ጣል! ሰውየው ራሱ ቤንዚን ነው!»

ጎረቤቴ ናቸው። ቦዩን በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንደዘለሉት አላህ ይወቅ። ሲደርሱ የሚስቴ ወንድም ላይተሩን ጥሎ ጭንቅላቴን ወደ ታች ደፍቶ ጣቱን ወደ ጉሮሮዬ እየሰደደ ነበር። እጁን መቱት።

«አታስመልሰው!»

«ኧረ አያ፣ መርዝ ነው! ይውጣለት እንጂ!»

«ሲወርድ አቃጠለው፣ ሲመለስ ይገድለዋል። ሆዱ ይችለዋል፤ ሳንባው አይችለውም። ቀና አድርገህ አስቀምጠው። ሸሚዙን አውልቅለት።»

ሚስቴ ጩኸቱን ሰምታ ወተት ይዛ እየሮጠች ደረሰች። እኛ አገር መርዝ የነካ ሰው ወተት ይጋታል።

«ቆይ እቴ» አሏት። «ወተቱም ያስመልሰዋል። አፉን ተጉመጥምጦ ይትፋ፤ እንዳይውጥ። ደረቱን በውሃ እጠቢለትና ደረቅ ልብስ አምጪ።»

በሰላሙ ቀን ቢሆን ሚስቴን የሚያዙት ማን ሆነው ነው እል ነበር። ያን ጊዜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሚቀጥለው ትንፋሽ ይገባ ይሆን? ይገባል፣ ያፏጫል፣ ይወጣል። ደግሞ ይገባ ይሆን?

በኢፍጣር ሰዓት ባጃጅ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሰው ሁሉ ማዕድ ላይ ነው። ጎረቤቴ አንዱን ባለ ባጃጅ ከነሳንቡሳው ከቤቱ ጎትተው አመጡት። እያኘከ ነው የመጣው።

«ምን ሆኖ ነው አያ?»

«ቤንዚን ጠጥቶ።»

«ያ ረቢ! እኔ ተሰልፌ ያጣሁትን እሱ ይጠጣዋል?»

«አፍህን ዘግተህ ንዳ። ሲጋራም እንዳትለኩስ።»

ጎረቤቴ ከኋላ ወንበር ጀርባዬን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ቀጥ አድርገው ያዙኝ። ልተኛ ስል ያነሱኛል። እንዳልተኛ ነው መሰለኝ፣ ጆሮዬ ላይ ያወሩ ነበር። በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ። ያኔ ረዳት ሲባል ከበርሜል ነዳጅ በጎማ ቱቦ በአፉ ስቦ የሚቀዳ ነው። አንድ ጓደኛቸው ሲስብ ዋጠው። ሾፌሩ አዝኖለት ወተት ጋተውና አስመለሰው። ተሻለው ብለው ጉዞ ቀጠሉ። በማግሥቱ ትንፋሽ አጠረው። ሞተ።

«ሾፌሩ ሲያስመልሰው እግሩን የያዝሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ደግ የሠራሁ መስሎኝ።»

መርሳ ጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ተቀበለችን። ወጣት ናት፣ እሷም ፆመኛ።

«አስመልሶታል?» አለች መጀመሪያ።

«አላስመለሰም።»

«ወተት ሰጣችሁት?»

«አልሰጠነውም። ከልክዬ ነው።»

ቀና ብላ አየቻቸው። «አላህ ይስጥልዎ አባባ» አለች። ኦክስጅን አደረገችልኝና ወደ ወልድያ ሊልኩኝ አምቡላንስ ተጠራ። አምቡላንሱን ስንጠብቅ ነርሷ ለጎረቤቴ አንድ ኩባያ ውሃ አመጣችላቸው። ቢስሚላህ ብለው ጠጡ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔን ይዘው ሲሮጡ አላፈጠሩም ነበር። አዛኑ ካለ ስንት ቆይቷል፣ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ሲያጠጡ የዋሉ ሽማግሌ ናቸው፣ ከንፈራቸው ነጥቷል። አንዲት ጠብታ አልቀመሱም። ከኦክስጅኑ ሥር ሆኜ አለቀስሁ። ነርሷ ያመመኝ መስሏት መድኃኒት ልጨምርልህ አለችኝ።

ወልድያ ሆስፒታል ሰነበትሁ። ትኩሳት መጣ፣ ሳሉ በረታ፤ ራጅ ሲያነሱኝ ትንሽ ወደ ሳንባዬ ወርዶ ኖሯል። በሳልሁበት ጊዜ የገባ ነው አሉ። ቢያስመልሱህ ኖሮ አትተርፍም ነበር አለኝ ሐኪሙ። ሚስቴ አጠገቤ ምንጣፍ ዘርግታ ዱዓ ታደርጋለች። እሷንም አመስግኜ አላውቅም ነበር። እዚያ አመሰገንኋት። «ቤንዚኑ ራስህ ላይ ወጥቷል» አለችኝ።

ስመለስ ሽንኩርቴ ደርቆ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። ረጥቧል። የሚስቴን ወንድም ማን አጠጣው ስለው በአገጩ ወደ ቦዩ ማዶ አሳየኝ። ጎረቤቴ ከራሳቸው ተራ ቀንሰው ነው።

ሄድሁ። ደጃፋቸው ላይ ቆምሁ።

«አያ፣ ላመሰግንዎ ነው የመጣሁት።»

«በል እንግዲህ።»

«አመሰገንሁ።»

«ይኸው ነው? ቤንዚኑ ምላስህን ፈታው ብለን ነበር እኮ።»

ሳቅሁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ተነሥተው ጀርባዬን ያዙኝ። ሳሉ ሲለቀኝ፣ «የቀረው ቤንዚን የት ነው?» አሉ። ከአልጋዬ ሥር ስላቸው ሊሰድቡኝ ከንፈራቸውን አንቀሳቅሰው ተዉት። ከስድብ የተረፍሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጀሪካኑን አብረን አወጣነው። ሙቀት አሳብጦት እንደ ነፍሰ ጡር ሆዱ ተነፍቷል፤ እኔ እስከ አፉ ሞልቼው ነበር። ክዳኑን ቀስ አድርገው ሲያላሉት ፉጨት ወጣ። ይህ ነገር እኔና ሚስቴ የተኛንበት አልጋ ሥር፣ ከምድጃው በአንድ ግድግዳ ርቆ ነው የከረመው። ሚስቴ አየችኝ። «ራሴን የሚያመኝ ፀሐይ ይህ ነው?» አለች።

ለነዳጁ ከሁለታችንም ቤት የራቀ፣ ጥላ ያለው ቦታ ፈልገን ግራሩ ሥር በድንጋይ ትንሽ ጎጆ ሠራን። ላይዋ ቆርቆሮ ነው፣ ከሥር ንፋስ ይገባታል፣ መዝጊያዋ ቁልፍ አላት። የእሳቸው የውሃ ፓምፕ ቤንዚንም እዚያው ገባ። ለነዳጅ የተሠራ ወፍራም ቀይ ጀሪካን ከወልድያ ገዛሁ። እኔም በኩራት ነጭ ቀለም አምጥቼ ጻፍሁበት።

«ምን ይላል?» አሉ። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም።

«ቤንዚን ነው፣ አይጠጣም ይላል።»

«በጨለማም ይላል?»

ገመድ አመጡና የጀሪካኑን አንገት ጠምጥመው ሦስት ወፍራም ቋጠሮ ቋጠሩበት። የድብልቁንም ማስቀመጫ እንዲሁ። ዓይን ቢሳሳት እጅ ያውቀዋል። ጽሑፌንም አልፋቁትም፤ ለልጆች ይሆናል አሉ።

አሁን የምቀላቅለው ሜዳ ላይ፣ መሬት ላይ አስቀምጬ ነው። የሚያጨስ ሰው ካለ ይርቃል፤ የሚስቴን ወንድም ላይተር አስቀድሜ እቀበለዋለሁ። መጋዙ ሳይበርድ አልሞላም። ለጥቂት ቀን የሚበቃ እንጂ ብዙ አልደባልቅም፤ የቆየ ድብልቅ ሞተሩን ያስቸግራል። መጀመሪያ ግማሹን ቤንዚን፣ ከዚያ ዘይቱን፣ ከዚያ የቀረውን ጨምሬ ክዳኑን አጥብቄ እወዘውዘዋለሁ። በሃይላንድ ቤንዚን ሲሸጥ ሳይ የምናገረውን እዚህ ብጽፈው ያሳፍራል። ሰዎቹ ግን ሰምተውታል።

ሐኪሙ ከወራት በኋላ ተመለስና ሳንባህን እንየው ብሎኝ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ብቻዬን መሄድ ፈራሁ። ሚስቴ የታመመች እህቷ ዘንድ ሄዳለች። ለማንም አልነገርሁም። መርሳ መናኸሪያ ስደርስ ጎረቤቴ ሚኒባሱ ውስጥ የመስኮቱን ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል።

«ወልድያ ጉዳይ አለኝ» አሉ። ቀኑን ሚስቴ ሳትነግራቸው አልሄደችም፤ ምን ጉዳይ እንደሆነ አልጠየቅሁም። እሳቸውም ጉዳይ አልፈጠሩም፤ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ተቀመጡ።

ራጁን አነሱኝ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ጀርባዬ ላይ አድርጎ፣ በረጅሙ ሳብ፣ አውጣ፣ ሳብ አለኝ። ብዙ ጊዜ አዳመጠኝ። ከዚያ ነፃ ነህ፣ ጠባሳም አይታይም አለ። ስወጣ ጎረቤቴ ቆመው ነበር። መቁጠሪያው እጃቸው ላይ ቀርቷል። ስለ እኔ ብቻ አልነበረም የቆሙት፤ ፊታቸውን ሳየው ገባኝ። ያ የሞተው ረዳት ጓደኛቸውም እዚያ አብሯቸው ቆሟል።

«ንጹሕ ነው አያ» አልሁ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ወዲያው «በል ቶሎ ና፣ መኪና ያመልጠናል» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

መኪና አላመለጠንም። ሲሪንቃ ሳንደርስ እንቅልፍ ጣላቸውና ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ከባድ ሽማግሌ ናቸው፤ ያንኮራፋሉ። የሚኒባሱ ረዳት ሒሳብ ሲጠይቅ በሌላኛው እጄ ከኪሴ አወጣሁለት። ትከሻዬ ደነዘዘ። መርሳ እስክንገባ አላንቀሳቀስሁትም።