ያጠፋሁት የከሰል መስመር

ቤቱን በሙሉ ኦፍዋይት ካልቀባሁ ብዬ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ "እንደወደድሽ" ከማለት በቀር የተናገረው የለም። ኋላ የመጣው ሁሉ የእኔ ጥፋት ስለሆነ ከመጀመሪያው ልናገር ብዬ ነው።

ደብረ ብርሃን ያለውን ቤታችንን ስንገዛ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ቢጫ ነበር። በሮቹና መቃኖቹ ቡናማ፣ የበረንዳው ደረጃ ደግሞ ቀይ። "ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የማድር ነው የሚመስለኝ" እያልኩ ዓመታት ተነጫነጭኩ። ስልኬ ላይ የማያቸው ቤቶች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ድርቅ ያለ ነጭ ሳይሆን ወተት ላይ ሻይ ጠብ ያደረጉበት ዓይነት። ግድግዳው፣ በሩ፣ መቃኑ፣ ኮርኒሱ አንድ መልክ። ቤት ያሰፋል፣ ብርሃን ያመጣል ይላሉ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም።

ቀለም ቀቢው ጨዋ ሰው ነበር። ቢያንስ በሮቹንና ደረጃውን በሌላ ቀለም እናድርጋቸው፣ ነጭ እድፍ አይችልም ብሎ ለመነኝ። ወይ ፍንክች! ደረጃውን ሳይቀር አስቀባሁት። እናቴ ሳሎን ጥግ ተቀምጣ ንግግራችንን ትሰማ ነበር።

"ሁሉንም?" አለችኝ።

"ሁሉንም፣ እማዬ።"

ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ሰብሰብ አድርጋ አረንጓዴውን ግድግዳ በመዳፏ ዳበሰች። የእርጅና ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

እናቴ አንኮበር የቄስ ሚስት ሆና የኖረች ሴት ናት። አባቴ ካረፈ በኋላ ብቻዋን አትሆንም ብዬ አመጣኋት። ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ስትኖር አንድ ቀን እንኳን አስቸግራን አታውቅም። ከመኝታ ቤቷ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ኩሽና ስትል ትውላለች፤ ፀሐይ ሲወጣ ደረጃውን ወርዳ ግቢ ትቀመጣለች። ሰባ ያለፋት አትመስልም ነበር።

በዚህ ብርድ ቀለሙ እስኪደርቅ ሳምንት ፈጀ። ሲያልቅ ግን ቤቱ አማረ፤ እውነት ለመናገር ፎቶ አንስቼ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ሁሉ አሳየሁ። በሦስተኛው ቀን ለምሳ ስመለስ እናቴን መተላለፊያው ላይ ቆማ አገኘኋት። ሁለት መዳፏን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ፊቷን አስጠግታ ቆማለች። ምን ሆንሽ አልኳት።

"በሩን ማን ወሰደው?" አለችኝ።

ክው አልኩ። የመኝታ ቤቷ በር ከክንዷ በማይርቅ ቦታ እዚያው ነበር። ክንዷን ይዤ አስገባኋትና ደርሳ "እህ፣ እዚህ ነው ለካ" ብላ ሳቀች። ሳቋ ከጥያቄዋ ይበልጥ አስፈራኝ።

የፈራሁት አክስቴን አስቤ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ነበረች። እኔ ልጅ ሳለሁ ጠባይዋ ተለወጠ ተባለ። መንገድ ላይ ሰላም የሚሏትን ሳታይ ታልፋለች፣ ከብት ትጋጫለች፣ ድስቱን ከጉልቻው አጠገብ ታስቀምጥና ዕቃዬን ማን አነሳብኝ ብላ ትጣላለች። ያዛት ተባለ፤ ጸበል ወሰዷት። እንዳትሄድባቸው ወገቧን በገመድ አስረዋት ነበር፤ ያንን ገመድ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ ጠዋት ጉሙ ጥቅጥቅ ባለበት ፈትታ ወጣች። ወደ ቤቷ ልትመለስ ነበር። በማግስቱ ከገደሉ ሥር አገኟት። እንግዲህ በዘር የሚመጣ ነው ማለት ነው፣ ተራው የእናቴ ሆነ ብዬ ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ እሷን መጠበቅ ሆነ። የግቢውን በር ቆልፌ ቁልፉን ይዤ እሄድ ጀመር። የጋዙን ሲሊንደር ዘጋሁ፣ ቢላዎቹን አነሳሁ። ቢሮ ስልኬ በጮኸ ቁጥር ስብሰባ አቋርጬ እወጣ ነበር። እሷ ደግሞ ይባስ ከወንበሯ አትነሳም። ውሃ ስሰጣት ከንፈሯን አርሳ ትመልሰዋለች። ምነው ስላት ጾም ነው ትላለች፤ የቄስ ሚስት፣ ጾም በሌለበት ሰሞን! ብርጭቆ ስታስቀምጥ ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጪ ትለቀዋለች። ጎረቤቴ አንድ ቀን ይህን አየችና ቀስ ብላ ወደ ጎን ሳበችኝ፤ ጸበል ብትወስጃት ምናለ፣ ሳይጠና ነው አለችኝ። ማታ ለባለቤቴ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። ዝቅ ያደረግኩ መስሎኝ ነው እንጂ የእናቴ ወንበር በሩ አጠገብ ነበር።

ከዚያ ከሰሉ መጣ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስነሳ በመታጠቢያ ቤቱ መቃን ግራና ቀኝ፣ ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ጥቁር መስመር ተሰምሯል። የመኝታ ቤቷም በር እንደዚያው። የበረንዳው ደረጃ ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ እርከን ጠርዝ አንድ አንድ። ያ ሁሉ የደከምኩበት ነጭ! ደሜ ፈላ። ቁጣው ሲበርድልኝ ፍርሃቱ መጣ፤ አለቀልኝ፣ እናቴ አበደች፣ ከእንግዲህ ማንም አይመልሳትም አልኩ። ስፖንጅና ሳሙና ይዤ ተንበርክኬ አንድ በአንድ አጠብኩት። እሷ ወንበሯ ላይ ሆና የስፖንጁን ድምፅ ታዳምጣለች። እጆቿን ጋቢዋ ውስጥ ደብቃለች።

ከሰዓት በኋላ ኩሽና ሳለሁ የሆነ ነገር በረንዳው ላይ ወደቀ። ሮጬ ስወጣ ከደረጃው ሥር ተዘርራለች፤ ግንባሯ ይደማል፣ የእጇ አንጓ ተጣሟል። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አደረግኩት። ጣቶቿ ከሰል በከሰል ነበሩ።

"እማዬ፣ ለምን ብቻሽን ወጣሽ?"

"ፀሐይ ልሞቅ። የደረጃውን መስመር የተውሽልኝ መስሎኝ።"

"የምን መስመር?"

"ያጠብሽው ነዋ። ደረጃው የሚያልቅበት።" ክንዴን ዳብሳ ያዘች። "አይታየኝም፣ ልጄ። አረንጓዴው ሳለ እሱን ይዤ እሄድ ነበር። ቡናማ ሳይ በር ነው፣ ቀይ ሳይ ደረጃ ነው እላለሁ። አሁን ቤቱን ጉም ገባበት።"

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። እያለቀስኩ ነበር፤ በማን እንደተናደድኩ አላውቅም።

"ገመዱን ፈራሁ" አለችኝ።

ያልጠጣችው ውሃ ሁሉ፣ ያ ጾሟ ሁሉ፣ መታጠቢያ ቤቱን ፍለጋ ስትዳብስ እንዳላያት እንደነበር ያኔ ገባኝ። እኔ እሷን ስጠብቅ እሷ እኔን ትጠብቅ ኖሯል።

ሆስፒታል አንጓዋን አሰሩላትና ወደ ዓይን ክፍል ላኩን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ፣ እማማ እያለ መረመራት። የዓይን ግፊት ነው አለን። ከዳር ጀምሮ እየበላ ነው የሚሄደው፣ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በጠብታ እናቆየዋለን አለ። ከዚያ ካርዷ ላይ እየጻፈ ይሄ ነገር በቤተሰብ ይሄዳል፣ እህትና ወንድም ካሉ፣ ልጆችም፣ ይታዩ አለ። እናቴ ቀና አለች።

"እህትም?" አለችው።

"አዎ፣ እማማ። እህት ካለችዎት ሳይዘገይ ያምጧት።"

ባጃጅ ይዘን ወደ ቤት ተመለስን። የታሰረ እጇን በደህናው እጇ ይዛለች። ወደ እኔ ሳትዞር ነው የጀመረችው።

"እትዬ አላበደችም ነበር። አይታየኝም ብላ ነግራናለች፤ ዓይኗን ይዟታል አልን እንጂ ማን ሰማት?" ባጃጁ ጉድጓድ ዘሎ እስኪረጋጋ ጠበቀች። "ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አጥብቆ እንዳያሳምማት ብዬ። ላላ አድርጌ አሰርኩት።"

እጄ ላይ የስፖንጁ ሳሙና ሽታ ገና አልለቀቀም ነበር።

በማግስቱ ጥቁር አረንጓዴ የዘይት ቀለምና ብሩሽ ገዛሁ። ቀለም ቀቢውን አልጠራሁም፤ በምን ዓይኔ ላየው! የበሮቹን መቃን፣ የእያንዳንዱን እርከን ጠርዝ፣ የጠረጴዛውንም ዙሪያ በገዛ እጄ ቀባሁ። ጠማማ ነው፣ ወርዶ የተንጠባጠበም አለው። እናቴ አጠገቤ ቆማ እዚህ ጋ ወፈር አድርጊው፣ እዚህ ጋ ይበቃል ትለኛለች። ቤቴ ተመልሶ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት መሰለ። እሷ ግን በዚያው ቀን ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣች።

የእኔ ምርመራ ግን እስካሁን አልሆነም። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዤ ሁለቱንም አሳልፌያለሁ፤ አንዴ ስብሰባ ነበረብኝ አልኩ፣ አንዴ ጉንፋን። ባለቤቴ ይቆጣል። እናቴ አትቆጣም፤ ጠብታዋን ሳደርግላት "ሄድሽ?" ትለኛለች፣ "እሄዳለሁ" እላታለሁ። ፈርቼ ነው። መንገድ ላይ አንድ ሰው አላየሽኝም እንዴ ካለኝ ቀኑን ሙሉ አንድ አንድ ዓይኔን በመዳፌ እየሸፈንኩ ስፈትን እውላለሁ።

የእኔን መኝታ ቤት በር ብቻ ሳልቀባ ተውኩት። ባለቤቴ ቀለሙ አልቆብሽ ነው ብሎ ያስባል። ጠዋት ስነቃ ከአልጋዬ ሳልነሳ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ ነጩ በር ከነጩ ግድግዳ የሚለይበትን ቀጭን ጠርዝ እፈልጋለሁ። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አግኝቼዋለሁ።