ጤና አዳሜን ገልብጠው ጀሪካኖቼን ለቆራሌ!

ዛሬ ከሥራ ስገባ ደረጃው ሥር የተዘረገፈ አፈር፣ አፈሩ ላይ የተረገጠ ጤና አዳሜ ጠበቀኝ። ጀሪካኖቼ የሉም!

ጥበቃውን ብጠይቀው «ኮሚቴው አዞኝ ነው፤ ቆራሌው ወሰዳቸው» አለኝ።

አያት ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው የጀሪካንን ውለታ ያውቃል። ውሃ ሲጠፋ የሚያኖረን እሱ ነው። ማፍሰስ ሲጀምርም ለመጣል አንጀቴ እሺ አይልም። ከወገቡ ቆርጬ፣ ከሥሩ በስቼ፣ ጤና አዳምና በሶብላ እተክልበታለሁ። ሾላ ገበያ የአበባ መትከያ ዋጋ ጠይቆ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ይረዳኛል።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ዘንድ ደወልኩ። «የብሎኩን ገጽታ ያበላሻል» አሉኝ።

ገጽታ! እሳቸው በኛ መዋጮ ገዝተው ዋናው በር ግራና ቀኝ ያቆሙት መትከያ ውስጥ ያለው አበባ እኮ ፕላስቲክ ነው! (ጥበቃው ውሃ አያጠጣውም፣ በጨርቅ ይወለውለዋል።)

ንዴቴ ሳይበርድ በሬ ተንኳኳ። የሰብሳቢው ባለቤት ናቸው። በኛ ብሎክ ጤና አዳም የሚገዛ የለም፤ ሁሉም ከኔ ደጅ ነው የሚቀነጥበው። የዛሬውን ጉድ አልሰሙም መሰለኝ።

«የኔ ልጅ፣ ትንሽ ጤና አዳም ስጪኝ፤ ሰውዬውን ሆዱን ቆርጦት ተኝቷል።»

«እትዬ፣ እኔ ጋ አልቋል» አልኳቸው። «ዋናው በር ላይ ካለው ይቀንጥቡላቸው።»

እናንተስ፣ በቀለም ጣሳና በተሰበረ ባልዲ የምትተክሉ፣ «ገጽታ አበላሻችሁ» ያላችሁ የለም? እስቲ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።