እትዬ ዘነቡ ሞቷን የሰማችበት ጧት

ኮሮና አገራችን በገባበት ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሆነ ነው። የዚያን ጊዜ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያን ጧት ግን መርሳት አልቻልኩም። የሞተ ሰው ሳይኖር ሞት ሲለፈፍ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

የአንደኛ ደረጃ የሳይንስ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር፣ ሀና ማርያም አካባቢ በተከራየኋት ክፍል ቀኑን ሙሉ እውል ነበር። እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ፊት ለፊቴ፣ እትዬ ዘነቡ የምትባል ልብስ ሰፊ ትኖር ነበር። ዘመዶቿ ቡታጅራ ስለሆኑ ብቻዋን ነበረች። የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም የምትሰፋው እሷ ነበረች።

በሽታው ያዛትና አምቡላንስ ወሰዳት። ነጭ የለበሱ ሰዎች ደግፈው ሲያስወጧት ሰፈሩ ሁሉ በየአጥሩ ሆኖ አየ። ድና ስትመለስ ግን ዝናብ ስለነበር፣ ከግቢያችን ሰው በቀር ያያት የለም።

ግቢያችን ደግሞ እንዳላየ ሆነ። “እንዴት አደራችሁ” ስትል መልስ የለም። ወደ ቧንቧው ስትወጣ በሮች ተራ በተራ ይዘጋሉ። እኔ እመልስላት ነበር፤ ግን የአንድ ሰው ድምፅ ግቢ አይሞላም።

እዚህ ላይ የእድራችንን ደንብ ላስረዳ። ሰው ሲሞት ከቤቱ አንድ ሰው ሄዶ ለእድሩ ዳኛ ይናገራል። ሟቹ ብቸኛ ከሆነ ዳኛው ወደ ቤቱ ሰው ልኮ ያረጋግጣል። ጥሩምባ የሚነፋው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ግን አምቡላንስ የመጣበትን ቤት ደፍሮ የሚረግጥ አልተገኘም። “ዘነቡ እዚያው ሆስፒታል ቀረች” የሚል ወሬ ለዳኛው ደረሰው፤ ሳያጣራ አመነ።

ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ከአጥራችን ውጭ ተነፋ። ቀጥሎ የጥሩምባ ነፊው የጋሽ ለማ ድምፅ መጣ።

“የእድር አባላት፣ ወይዘሮ ዘነቡ አርፈዋል። ድንኳን አይጣልም። በየቤታችሁ እርም አውጡ።”

በመስኮት ወደ ክፍሏ አየሁ። መብራቷ በርቷል። መጋረጃው ትንሽ ገለጥ አለና የእጇ ጣቶች ታዩኝ። ከዚያ መብራቱ ጠፋ።

ወደ አከራያችን ወደ እማማ ብርቄ ሮጥኩ። “እትዬ ዘነቡ እኮ ቤቷ ናት፤ እንናገር እንጂ” አልኳቸው።

“ተወው አስተማሪው” አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “አለች ካልን ሰፈሩ እንደሸሸን ይቀራል። ሞተች ከተባለ በሽታውም አብሯት ሄደ ብለው መሸሹን ይተዋሉ። እሷን ምን ይጎዳታል?”

እውነትም ረፋዱ ላይ፣ ከሩቅ እየወረወረ ሲሸጥልን የከረመው ባለሱቅ እማማ ብርቄን “ይግቡ፣ ይግቡ” አላቸው።

የእትዬ ዘነቡ የስፌት መኪና ድምፁን አላሰማም። ቀትር ላይ ሄጄ አንኳኳሁ። በሩን ከፈተችልኝ። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቃለች።

“ምነው እትዬ ዘነቡ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?”

“አልሰማህም እንዴ? ጧት ተለፈፈ እኮ።”

እየቀለደች መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አልቀለደችም።

“ሰላም ስላቸው የማይመልሱልኝ ለካ ለዚህ ነው” አለች። “እኔ ደግሞ ተቀይመውኝ መስሎኝ። አንተ ብቻ እንዴት እንደምታየኝ ነው ያልገባኝ።”

ማስረዳት ልማዴ ነውና ጀመርኩ። የሞተ ሰው አይተነፍስም አልኳት። እጅሽን አንገትሽ ላይ አድርጊ፣ የልብሽን ምት ታገኚዋለሽ አልኳት። እንደ ታዛዥ ተማሪ እጇን አንገቷ ላይ አደረገች።

“አዎ፣ ይመታል” አለች። “ግን ከእኔ በቀር ይሄን ማን ያውቃል?”

ጠረጴዛው ላይ ያልተቆረሰ ዳቦ ነበር። ብዪ ብላት እጇን አልዘረጋችም። በዚህ ከቀጠለች የተለፈፈው እውነት ሊሆን ነው ብዬ ፈራሁ።

ጋሽ ለማን ቤቱ ሄጄ አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ጥሩምባውን አንስቶ አየው። “ይህን ሁሉ ዘመን ስነፋ አንድም ሰው ተመልሶብኝ አያውቅም” አለ። “አሁን ምን ብዬ ልንፋ? ይህን ከሰሙ ሌላ ሰው የሞተ ነው የሚመስላቸው።”

“አትንፋ። ቤቷ ግባ ብቻ” አልኩት።

መጣ። ግቢው በየመጋረጃው ስንጥቅ እያየው በሯን አልፎ ገባና በርጩማ ላይ ተቀመጠ። “ዘነቡ፣ እንኳን እግዜር ማረሽ። ተሳስተን ነው፣ ይቅር በይን” አላት።

እትዬ ዘነቡ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። “ጋሽ ለማ” አለች ቀስ ብላ፣ “አንተም ሞተህ ነው?”

ጋሽ ለማ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሳቁ ሳል ሆነበት። ይሄኔ እትዬ ዘነቡ ብድግ ብላ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

“አፍህን ሸፍን እንጂ ሰውዬ። ገና መዳኔ ነው፤ ሁለተኛ ልታስይዘኝ ነው?”

የተናገረችውን ራሷ የሰማችው ከዚያ በኋላ ይመስለኛል። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጋሽ ለማ ከመሄዱ በፊት ዳቦውን ተካፍለው በሉ።

ሞቻለሁ የሚለው ሐሳብ ግን በአንድ ቀን የሚለቅ አልነበረም። ለወራት የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ተመላለሰች። ሰዉ ሰላም ይላት ጀምሮ ነበር፤ እሷ ግን ግቢውን ለቃ ወደ ለቡ ሰፈር ሄደች። ዛሬም እዚያ ትሰፋለች፣ ደህና ናት።

በቅርቡ ሱሪ ላሳጥር ሄጄ ነበር። እየለካችኝ፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

“ያን ጧት፣ ጥሩምባው ሲነፋ ያለቀሰ ሰው ነበር? እኔ ጆሮዬን ሰጥቼ ነበር፤ አልሰማሁም።”

በሰፈራችን ሞት ሲለፈፍ ቢያንስ ከአንድ ቤት ዋይታ ይወጣል። ያን ጧት ከየትም አልወጣም። ከበሽታው ይልቅ እስካሁን የሚያስፈራኝ ያ ጸጥታ ነው።

“ነበር” አልኳት።

ማን ብላ እንዳትጠይቀኝ ፈርቼ ቆምኩ። አልጠየቀችም።