መልሱ «ሀ» ነው

ሰፈሩ «እትዬ እሹሩሩ» ይላቸዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ሲያውሉ ኖረዋል። እናት ጧት ሥራ ስትገባ ልጇን ታስረክባለች፤ ማታ ስትመለስ ጠግቦ፣ ታጥቦ፣ አንዳንዴም አዲስ ስድብ ለምዶ ትረከባለች። ስድቡ ከልጆቹ ነው የሚገኘው፤ የእትዬ አፍስ ንጹሕ ነው።

ዘንድሮ ደብዳቤ መጣባቸው። በቤቱ ልጅ የሚያውል ሁሉ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ሥልጠና በሁለት ወር ውስጥ ካልጨረሰ ፈቃድ አያገኝም፣ ፈቃድ የሌለውም አንድም ልጅ መቀበል አይችልም ይላል። ያኔ አምስት ልጆች ያውሉ ነበር። ትንሿ ገና ሰባት ወሯ ነው፤ ከእሳቸው እጅ ካልሆነ ጡጦ አትቀበልም።

ደብዳቤውን ይዘው ግድግዳ የምትጋራቸው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዱ።

«እስቲ አንቺ፣ ይሄን ነገር በስልክሽ ክፈቺልኝ።»

«እርስዎን ደግሞ ማን ሊያሠለጥን ነው እትዬ? ሕፃን አቅፎ የማያውቅ ጎረምሳ ይሆናላ!»

«ይሁን ግድ የለም። ዳይፐር አቀያየር ያሳየኝ።»

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲተኙ ጀመሩ። መመዝገቡ ብቻውን አንድ ቀን በላ። የይለፍ ቃል ያስገቡ ተባሉ። «የማይረሱትን ቃል ይንገሩኝ» ብትላቸው፣ «ዝምበል» አሉ። ቁጥር ይጨመርበት አለ። «አምስት ጊዜ ነው የምለው» አሉ፤ አምስት ተጨመረበት። ፎቶ ሲነሱ ደግሞ የሕፃን እጅ ጆሯቸውን ጨምድዶ አብሮ ገባ፤ ተቀባይነት የለውም ተባለ።

በማግስቱ ትምህርት አንድ ተከፈተ። አሠልጣኟ ነጭ ሸሚዝ የለበሰች፣ ሠላሳን የተሻገረች ሴት ናት። እየተናገረች የጆሮዋን ጫፍ በሁለት ጣቷ ታሻለች።

«አቁሚው! አቁሚው!» አሉ እትዬ። «ይህቺ ልጄ ናት እኮ!»

«የትኛዋ ልጅዎ?»

«ያሳደግኳት! የፋርማሲስቷ ልጅ። ከስምንት ወሯ እስከ አምስት ዓመቷ እኔ ጋ ነው የዋለችው። እንቅልፍ ሲመጣባት ጆሮዋን እንዲህ ነበር የምታሸው። እዪ፣ እዪያት፣ እስካሁን አልተወችውም!»

ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። የተኙትን ልጆች ቀስቅሰው «እህታችሁን እዩ» ለማለት ምንም አልቀራቸውም።

«በይ ቀጥይው፤ እስቲ ምን እንደምትለኝ ልስማ።»

ያለችው ይህንን ነው፦ «እኔ ራሴ በልጅነቴ ያልሠለጠነች ሴት ቤት ነበር የምውለው። ወገቤን በጨርቅ ከጠረጴዛ እግር ጋር ታስረኝ ነበር፣ እንደ ጥጃ። አልወቅሳትም። አታውቅም ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩ ላይ አቀርቅራ ቀረች፤ ቀና ብላ ማየት ፈራች።

አሠልጣኟ ሕፃን ሳለች እትዬ የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃው መደገፊያ የለውም፤ አከራዩ ዛሬ ነገ እያለ ዓመታት አልፈዋል። በሩ ገጥሞ አይዘጋም። ቧንቧው ደግሞ ታች ግቢ ውስጥ ነው፤ አራት ልጅ አስከትሎ ጀሪካን ተሸክሞ መውጣት አይሆንም። ሦስቱ ተቀመጡ ሲባሉ ይቀመጣሉ። ይህቺኛዋ ግን መራመድ ከጀመረች ወዲህ ነፋስ ሆነች። አንድ ቀን ደረጃው አፍ ላይ ደርሳ በቀሚሷ ጫፍ ነው የያዟት። ከዚያ ወዲያ ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ በሻርፓቸው ያስሯታል፤ ሲመለሱ መጀመሪያ እሷን ይፈታሉ፣ ውሃውን የሚገለብጡት ከዚያ በኋላ ነው። እናትየዋም ታውቃለች። «ጠበቅ አድርገሽ እሰሪልኝ፣ ይህቺ እሳት ናት» እያለች ትስቅ ነበር።

ትምህርቱ ሲያልቅ ጥያቄ መጣ። ሞግዚቷ ልጅቱን ያሰረቻት ለምንድን ነው? ሀ፣ ከእውቀት ማነስ። ለ፣ ከስንፍና። ሐ፣ ለልጅቱ ደኅንነት። ሦስት ጊዜ የሳተ ይሰረዛል፤ መልሶ መመዝገብ የሚችለው ከዓመት በኋላ ነው።

«ሐ» አሉ እትዬ።

ቀይ ሆነ። ተሳስተዋል።

«ድገሚው።»

«እትዬ፣ ሀን እንድንል ፈልገው እኮ ነው...»

«ሐ ነው አልኩሽ! ያሰርኳት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

አሁንም ቀይ ሆነ።

ከታች «ለአሠልጣኝዎ ይጻፉ» የሚል ቦታ ነበር። እትዬ እየነገሯት ልብስ ሰፊዋ ጻፈች፦ «የኔ እናት፣ እኔ ነኝ፣ እትዬ። ያ ደረጃ መደገፊያ አልነበረውም። ታስታውሺዋለሽ?»

አራት ቀን ጠበቁ። የትንሿ ሕፃን እናት በየማታው «ፈቃዱ ደረሰ?» ትላለች። ሌላ ቦታ ማጠያየቅ መጀመሯንም አልደበቀችም። በአምስተኛው ቀን መልስ መጣ።

«እትዬ! እግዜር ይመስገን፣ አሉልኝ? በጣም ነው የናፈቁኝ። እማዬም ሁሌ ታነሳዎታለች፤ የማሰሩን ነገር ባወራች ቁጥር እንደሳቀች ነው። ደረጃውን ግን አላስታውስም። ታሪኩን ለትምህርት እንዲመች አሳጥረነው ነው እንጂ በእርስዎ ጨክኜ አይደለም። ስለ ጥያቄው ምንም አይጨነቁ፤ መልሱ ሀ ነው። እልፍ ጊዜ ስሜዎታለሁ።»

«ጥሩ ልጅ ናት» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ጥሩ ናት» አሉ እትዬ። «አሳዳጊ የበደላት አይደለችም።»

«ልጫንልዎት?»

«አምጪው ወዲህ።»

በአውራ ጣታቸው ሀን ተጫኑት። አረንጓዴ ሆነ። ትክክል ነው፣ ጎበዝ! አለ ስልኩ። ትምህርት ሁለት ተከፈተና ባለ ነጭ ሸሚዟ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ስትል ስልኩን መለሱላት።

«ድምፁን አጥፊና የተጻፈውን አንቺ አንብቢልኝ።»

የቀሩትን ዘጠኝ ትምህርቶች ያነበበችላቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። ከዚያ በኋላ አንድም ጥያቄ አልሳቱም። ምን እንዲሉ እንደሚፈለግ ገብቷቸው ነበር።