ከፊት ያለችው ዜሮ

መሥሪያ ቤት ውስጥ «ወንፊት» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አለቃዋ ነው፤ እሷም ደስ ብሏት ተቀብላዋለች። ሥራዋ የመታወቂያ ቁጥር የሚያጣራ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ሰው ባንክም ሆነ ክሊኒክ ሄዶ ቁጥሩን ሲሰጥ፣ የእሷ ኮድ አሃዞቹ አሥራ ሁለት መሆናቸውን ይቆጥራል። ከዚያ ፊተኞቹን አሥራ አንዱን አባዝቶና ደምሮ፣ የመጨረሻዋ አሃዝ ከስሌቱ ጋር መስማማቷን ያያል። ካልተስማማች በቀይ «ቁጥሩ ስህተት ነው» ብሎ ይመልሳል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ እንክርዳድ አላሳለፈም። ማንም በማያየው ሥራ መኩራት ያምርባታል፤ ትንሽ ቢበዛባትም።

የምትኖረው ካሳደገቻት አክስቷ ጋር ነው፤ እቴቴ ትላታለች። እቴቴ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን የዓይን ሞራ ጋርዷት መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷታል። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። በዚያ ሰሞን አንድ የዓይን ክሊኒክ ለቀዶ ጥገና እየመዘገበ ነው፣ ምዝገባው ግን ዓርብ ይዘጋል ተባለ። ወንፊት አብሬሽ ልሂድ ብትላት፣ እቴቴ ሥራሽን ሥሪ ብላ ብቻዋን ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት ቁርስ ላይ ተመዘገብሽ ወይ ብላ ስትጠይቃት፣ እቴቴ ወሬውን ወደ ዳቦው መለሰችው። ስትነዘንዛት ጊዜ አወጣችው፤ ሁለቴ ሄዳ ሁለቴ ተመልሳለች።

«ማሽኑ አላውቅሽም አለኝ» አለች። «እኔም እርጅና ነው፣ ካርዱን አንድ ነገር አድርጌው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

ወንፊት ሳቀች። መዝጋቢዋ አሳስታ ጽፋው ነው፣ የኔ ኮድ እንደሆነ አይሳሳትም አለች። ካርዱን ተቀብላ ስታየው ግን ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ቁጥሩ የሚጀምረው በዜሮ ነበር።

ቢሮ ገብታ በወረቀት አሰላችው። አሥራ ሁለት አሃዝ፣ የመጨረሻዋም ልክ። ከዚያ ኮዱን ከፍታ በመጀመሪያው የሥራ ሳምንቷ የጻፈችውን መስመር አገኘች፦ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር አትቀበል። ያኔ ለናሙና የተሰጧት ሦስት መቶ ቁጥሮች ነበሩ፤ አንዳቸውም በዜሮ አልጀመሩም። እሷም የለም ማለት ነው ብላ ደመደመች፣ ማንንም ሳትጠይቅ። አሁን ወርዳ የመዝገብ ቤቱን ሽማግሌ ብትጠይቃቸው ከት ብለው ሳቁ። የመታወቂያ ቁጥር የሚጀምረው በተመዘገቡበት ጣቢያ ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያው ጣቢያ ደግሞ ቁጥሩ ዜሮ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን የተሰለፉት ሁሉ በዜሮ ይጀምራሉ አሏት። እቴቴ ደግሞ የትም አርፍዳ አታውቅም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። ወንፊት አፈረች፣ ከልቧ አፈረች፤ ግን አልደበቀችም። ለአለቃዋ ሄዳ ነገረችው። መስመሯን አጥፍታ ኮዱን እስከ ምሳ ድረስ ስትሞክረው ቆየች። ከሰዓት በኋላ እንዲሁ በዜሮ የተነሳ የተመለሱትን ሰዎች ዝርዝር አውጥታ፣ ካሉበት ሁሉ እንዲጠሩ አደረገች። ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ እንደ እቴቴ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ አድርገው ቤታቸው የተቀመጡ።

ዓርብ እሷና እቴቴ አብረው ክሊኒኩ ሄዱ። መዝጋቢዋ ቁጥሩን አስገባችው፤ አለፈ። እቴቴ ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እቴቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ሳይለኩ አይቆረጥም ብዬሽ አልነበር?»

«ለክቼ ነበር። አንቺን ግን አልለካሁም።»

እቴቴ ሳቀችና እጇን ያዘቻት፤ ሐኪሙ ዘንድ የሚገቡበት ተራ እስኪደርስ አልለቀቀቻትም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ የዓይኗ ፋሻ በተነሳ ማግስት፣ እቴቴ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ካርዷን ከቦርሳዋ አወጣች። ከዜሮዋ ጀምራ አሥራ ሁለቱንም ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበቻቸው፣ አንድም አልሳተችም። ከዚያ ቀና ብላ ወንፊትን ትክ ብላ አየቻት።

«ልጄ፣ ሽበት አወጣሽ እንዴ?» አለቻትና፣ ጨርቁን ከስፌት መኪናዋ ላይ አነሳች።