ከሬንጁ ሥር የቀረው ዝገት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርሁም። ባለቤቴም አታውቀውም። መጀመሪያ የምትሰማኝ አንተ ነህ፤ አትራራልኝ።

ቢቸና ላይ ጋራዥ ነበረኝ። ጋሽ ደሳለኝ የሚባሉ የሞጣ ሰው ከአባታቸው የወረሷትን አሮጌ ጂፕ ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ከሥሯ ዝገት ጀምሯታል። ሳይበላት ፍቀህ ቅባልኝ» አሉኝ።

ገብቼ አየሁት። ገና ላይ ላዩን ነበር፤ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ጸረ ዝገት ቢቀባ የሚድን። እኔ ግን አልፋቅሁትም። ጭቃውን እንኳ ሳላራግፍ ሬንጅ ለቀለቅሁበት። ለምን? ቸግሮኝ ነው? አይደለም። ከሥር ገብቶ የሚያይ ስለሌለ ነው። ጋሽ ደሳለኝ ጠቁሮ ሲያብረቀርቅ አይተው መረቁኝ። ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልሁ።

ሁለት ክረምት አለፈ። ጂፗ ሞጣ አቅራቢያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሏት ገደል ገባች። እሳቸው ተረፉ፤ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ግን እዚያው ሞቱ። በዚያው ሰሞን ፍሬኗን የሠራው የሞጣው መካኒክ ሰይድ ነበርና ጣት ሁሉ ወደ እሱ ተቀሰረ። ሽማግሌዎቹ «የማያዳላ ባለሙያ ይይልን» ብለው እኔን አስጠሩ። እኔን!

ከሥር ገባሁ። ሬንጁን በጣቴ ስነካው ተላጠ። ውስጥ ውስጡን ውሃ ቋጥሮ፣ ዝገቱ የፍሬን ዘይት ቱቦውን በልቶ በስቶታል። የሰይድ ሥራ እንከን አልነበረውም።

«ምን አገኘህ?» አሉኝ።

«ፍሬኑ በደንብ አልታሰረም» አልሁ። እኔ ነኝ ያልሁት። በዚህ አፌ።

ሰይድ ትክ ብሎ አየኝ። «ወንድሜ፣ በዓይንህ አየኸው?»

«አየሁት።»

ከዚያ በኋላ መኪና የሚሰጠው ጠፋ። ጋራዡን ዘግቶ፣ ልጆቹን ይዞ፣ አያቶቹ ከተቀበሩበት ከተማ ወጣ። ጋሽ ደሳለኝም እሱን እንደረገሙ ሞቱ። ሚስታቸውን ገደልሁ፤ እርግማኔንም ለሌላ ሰው አሸከምሁ።

ባለፈው ጥቅምት ጉንደ ወይን ገበያ ላይ አገኘሁት። ሸብቷል፤ የከሰል ምድጃ ይበይዳል። ቀድሞ ያወቀኝ እሱ ነው። ብድግ ብሎ «እንዴት ነህ? ልጆች ደኅና ናቸው?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አለፍሁ። የእሱን ልጆች እንኳ አልጠየቅሁም።

ታዲያ ከአንተ ምን ይቅርታ ልለምን? አንተን ምን በደልሁህ? ለአንተ መናገሬም ያው ፈሪነቴ ነው። ከቢቸና ወደ ጉንደ ወይን በየጠዋቱ አውቶቡስ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ አልተሳፈርሁም።