አንድ ስም ለሁለት

ሞክሼ ነበርን። አንድ ስም ያላቸው ሰዎች ስም አይጠራሩም፣ «ሞክሼ» ይባባላሉ። ስለዚህ እኔና እሷ በዚያ ሁሉ ዘመን ስማችንን ተጠራርተን አናውቅም። የሚጠሩት ሌሎች ነበሩ፤ ከሁሉ አብልጠው ደግሞ እናቷ።

ቤታችን እሪ በከንቱ ቁልቁለቱ ላይ፣ አጥር ለአጥር ነበር። ጣሊያን ሳይገባ የሆነውን ነው የማወራችሁ። ያኔ የአራዳ ገበያ ጊዮርጊስ ግርጌ ነበር የሚቆመው፤ ክረምት ሲሆን ጭቃው በቅሎ ይይዛል፤ ጫማ ያለውም ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የሚሻገረው። እኛ የምንውለው ፈትል ላይ ነው። እሷ ድር ትፈትላለች፣ እኔ ማግ። ድር ቀጭንና ጥብቅ ነው፣ እጅ ይፈልጋል። ማግ እንደ እኔ ላለው ዝርክርክም ይሆናል። እናቷ ፈትሉን ለሸማኔዎች ይሸጡ ነበር፣ ዓይናቸውን ሞራ እስኪጋርደው ድረስ።

ሞክሼዬን ሳል ጀመራት። መጀመሪያ ብርድ ነው አልን። ከዚያ ሰውነቷ እየቀነሰ፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ እየሰፋ ሄደ። ጠበሉም አልያዘላትም። በዚያ ሰሞን ነው «ሰይጣን ቤት ውሰጂኝ» ያለችኝ።

ሰይጣን ቤት የሚባለው ፈረንጆች ሥዕል የሚያንቀሳቅሱበት አዳራሽ ነው። ጨለማ ውስጥ ሰው ሸራ ላይ ሲራመድ ያየ ሌላ ምን ይበለው። የነፍስ አባታችን ከሰሙ ስግደት ያበዙብናል።

«ሞክሼ፣ ብንኮነንስ?» አልኳት።

«አንቺ ትኮነኛለሽ። እኔ ታምሜያለሁ፣ ይታለፍልኛል» አለችኝ። እንዲህ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ሄድን። ዳገቱን እያረፈች ወጣችው። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ የሰፈራችን ሰው ስለሆነ ከኋላ አግዳሚ ላይ አስቀመጠን። ከሸራው ጎን አንድ አስተርጓሚ ቆሞ የሚሆነውን ባማርኛ ይናገራል። ሥዕሉ ድምፅ የለውም፤ የሚመጣውም ጽሑፍ የፈረንጅ ነው፤ ያማርኛም ቢሆን እኛ ፊደል አልቆጠርንም።

ሁለት ሴቶች ናቸው። ባሕር አጠገብ ባለ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። አንደኛዋ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ የሚፈታው የሌላኛዋ ነው። ማዕድ ቀርበው አንዷ ትጎርሳለች፣ ሌላዋ ታኝካለች። ደረጃውን መውጣት የጀመረችው አንዷ ናት፣ ላይ የደረሰችው ሌላዋ። ደግሞ አንዷ ባሕሩ ውስጥ ገባች፤ ቤት የተቀመጠችው ቀሚሷ ውሃ ያንጠባጥባል። ተረት አይደለም፣ ወሬም አይደለም፤ እንደ ሕልም ነው፣ አንዱ ነገር ለሌላው ሳይነግረው የሚመጣበት።

አስተርጓሚው ተቸገረ። «ይህች ታላቂቱ ናት… አይ፣ ታናሺቱ ናት… ይህችም እሷው ናት» ይላል።

«ጌታው፣ መጀመሪያ ይለዩዋቸውና ይንገሩን» አለ አንዱ ከፊት።

«ራሱንም አልለየ፣ ምን ታስጨንቀዋለህ» አለ ሌላው።

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ዞር ብዬ ሳያት ሞክሼዬ አትስቅም። እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ያተኩሳል።

ወጥተን ትንፋሿ እስኪመለስ ጊዮርጊስ አጥር ሥር ተቀመጥን። ከፊታችን አንዲት አሮጊት ጌሾ ትሸጣለች።

«ሞክሼ» አለችኝ፤ «እናቴ ስትጣራ አቤት በይልኝ።»

«አንቺ የት ሄደሽ?»

«አቤት በይልኝ ነው የምልሽ። ስሙ እንደሆነ ያንቺም ነው፤ ዋሸሽ የሚልሽ የለም።»

እሺ አልኳት። እሺ ባልል ምን እላለሁ።

የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ ሞተች። ሰፈራችንን እሪ በከንቱ ያሉት ቢጮኹ የሚደርስ የለም ለማለት ነው ይባላል። ያን ቀን ግን ሁሉም ደረሰ፤ ደርሶስ ምን ያደርጋል። ሙሾ አውራጇ ስሟን እየጠራች ታወርዳለች፣ ሴቱ ደረቱን እየደቃ ይቀበላል። ስሟ ስሜ ነው። ቁጭ ብዬ የራሴን ሞት ሰማሁ። እንባ እንኳ አልመጣልኝም። አንዳንዱ ቀና ብሎ ያየኝና ዓይኑን ይመልሳል። አክስቴ እጄን ጎትታ አወጣችኝና «ሞት ስም ይምታታበታል፤ አትቀመጪበት» አለችኝ።

ከአርባዋ በኋላ አንድ ጠዋት ፈትሌን ይዤ እናቷ ዘንድ ተቀምጫለሁ። ስሟን ጠሩ። እንደ ድሮው፣ ረዘም አድርገው፣ ጓዳ ያለች ልጅ እንደሚጠራ ሰው።

«አቤት እማዬ» አልኩ።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ። ፈራሁ። ኋላ «ውሃ ስጪኝ» አሉ። ቀድቼ ሰጠኋቸውና «ይጠጡ» አልኳቸው።

ይህን መሳቴን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ሞክሼዬ እናቷን አንቺ ነበር የምትለው፤ አንድ ልጅ ናት፣ ሞልቀቅ ብላ ያደገች። እኔን ደግሞ የጎረቤትን ትልቅ ሴት አንቺ ለማለት ምላሴ እምቢ አለኝ። ለብቻዬ እለማመደዋለሁ፦ ጠጪ፣ ብዪ፣ ተነሺ እማዬ። ፊታቸው ስደርስ «ይነሱ» ብሎ ይወጣል። እሳቸው አንድ ቀን እንኳ አላረሙኝም። ዓይናቸውን ሞራ፣ ልባቸውን ሐዘን ወስዶታል፣ ልጃቸው መስያቸዋለሁ ብዬ ደመደምኩ።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። ድር መፍተል ለመድኩ። ነጠላዋን ለበስኩ። «ያን ጊዜ ወንዝ ውስጥ ስትወድቂ» ሲሉኝ የወደቅሁት እኔ ይመስለኛል፤ ጉልበቴን አሻለሁ። በሕልሜ እኔ ስጠራ የምትመልሰው እሷ ናት። አንድ የአድአ ሰው ሊያገባኝ ሽማግሌ ላከ፤ መለስኩ። ደግሞ ላከ፤ ደግሜ መለስኩ።

«ያንቺን ዕድሜ የምትኖረው ሟቿ ናት» አለችኝ አክስቴ፣ ኮምጨጭ ብላ።

እኔ የማስበው ሌላ ነው። ብሄድ እኒህ ሴት ልጃቸውን ዳግመኛ ይቀብራሉ።

ወሬው እናቷ ጆሮ ደረሰ። ያን ቀን በስም አልጠሩኝም፤ «ነይማ፣ የጎረቤት ልጅ» አሉኝ።

«ሽማግሌ መልሰሻል አሉ። በኔ ምክንያት ነው?»

እንዝርቴን ማሾር ጀመርኩ።

«እኔ ዓይኔ ነው እንጂ የጠፋ ጆሮዬ አልጠፋ። ልጄ አንድ ቀን ‹ይጠጡ› ብላኝ ታውቃለች? የመጀመሪያው ቀን ነው የለየሁሽ።»

«ታዲያ ለምን ይጠሩኝ ነበር?»

«ባዶ ቤት ተቀምጦ የሞተ ሰው ስም የሚጠራ አበደ ይባላል። አንቺ ካለሽ ግን ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ፤ ሰው ቢሰማም አንቺን የጠራሁ ይመስለዋል። ስሙን ከአፌ እንዳላጣው ነው። አሁን ሂጂ፣ ትዳርሽን ያዢ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ያን ሁሉ ዘመን በሕይወት አቆየኋት ስል፣ ለካ እዚያ ቤት ውስጥ እሷ አልነበረችም። ለሞክሼዬ ያለቀስኩት ያን ዕለት ነው።

ለትዳር ወደ አድአ የሄድኩ ጠዋት እናቷ መርቀውኝ ደጃፉ ላይ ቀሩ። በቅሎዋ ዳገቱን ስትጀምር ከኋላዬ ስሜን ረዘም አድርገው ሲጠሩ ሰማሁ። ዞር አልኩ። ፊታቸው ወደ ቤቱ ውስጥ ነበር።